ያሳረፏት ሞተር

የጋሽ አንጁሎን ሞት የነገረኝ ፒስተን ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ መደርደሪያውን እየወለወልኩ ሳለ አንድ የማላውቀው ወጣት ሹፌር ገባና "ፒስተን ከነሪንጉ፣ ሙሉውን" አለኝ። ሶዶ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪናና የሞተር መለዋወጫ ስሸጥ ጸጉሬ ሸብቷል። ዋጋ ሳይጠይቅ "ሙሉውን" የሚል ደንበኛ ለእንደኔ ዓይነቷ ሠርግና ምላሽ ነው። እኔ ግን እቃውን በማውረድ ፈንታ "ሲሊንደሩን በጥፍርህ አይተኸዋል?" አልኩት።

ልጁ ግራ ተጋባ። "እንዴ ማዘር፣ እዚያ ማዶ ጋራዥ ያሉት ሽማግሌም እንዲህ ይላሉ ብለውኝ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ተዘግቷል። ሌሊቱን ሞተዋል አሉኝ።"

ጨርቁን እንደያዝኩ ቆምኩ። መታመሙን አውቅ ነበር። አረካ ያለችው ልጁ ዘንድ ሰንብቶ በቀደም መመለሱንም ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ሳልጠይቀው ቀረሁ። ከአፌ የወጣው ጥያቄ የራሴ አለመሆኑ የገባኝም ያኔ ነው። የእሱ ጥያቄ ነው። ስንት ዓመት ከማዶ እየጮኸ ሲያስለምደኝ ኖሮ፣ በሞተ በማግስቱ አፌ ላይ አገኘሁት።

እውነቱን ልናገርና፣ ጋሽ አንጁሎ ከማንኛውም ተፎካካሪ ነጋዴ በላይ ገበያዬን የዘጋብኝ ሰው ነው። ደግሞም በጣም እወደው ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የሚገባው እሱን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ጋራዡ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሆዳቸው ተዘርግፎ የተኙ ሞተሮች። እሱ አጭርና ደንዳና ሰው ነው፤ ቱታውን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ድምፁ ወፍራም ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ከታች ሆኖ የሚያጅበው ድምፅ የእሱ እንደነበር ማንም ሳይነግረኝ አውቄያለሁ፤ ቡሎን ሲፈታም ያንኑ ይዘምር ነበርና። ትሕትና የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። አንድ ሞተር አንስቶ በደንብ ከሠራለት ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ያሰማል። "ስሙ! ስሙ! ይሄ ሞተር ነው ወይስ ሰዓት?" ይላል። ሰዓት ነው ካላልነው አይለቀንም።

የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት ጥፍር አይቆርጥም ነበር። ሌሎቹ ጥፍሮቹ አጫጭርና ግሪስ የጠገቡ ናቸው፤ ያ አንዱ ግን ንጹሕና ረጅም ነው። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት የጉራ መስሎኝ ስቄበታለሁ። ኋላ ላይ ነው የሥራ መሣሪያው መሆኑን ያወቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተን ሲሊንደር ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ዕድሜውን ይፈጃል። ፒስተኑን የከበቡት ሪንጎች ሲፋተጉ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይበሉታል። ከላይ ሪንጉ የማይደርስበት ጠርዝ ግን ሳይበላ ይቀራል። ስለዚህ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተከፍቶ ጥፍርህን በግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ ስታንሸራትት እንደ በር ደፍ የሚይዝህ ነገር ካለ ሲሊንደሩ ተበልቷል ማለት ነው። ያኔ ሬቲፊካ ቤት ወስደህ ታስሞርደዋለህ፤ ሲሰፋ ደግሞ ሰፋ ያለ ፒስተን ያስፈልገዋል። ጥፍርህ ሳይዘው ካለፈ ግን አሮጌው ፒስተን ደህና እስከሆነ ድረስ ሪንግ ብቻ ቀይሮ መኖር ይቻላል። ይህን ሁሉ መካኒክ ያውቀዋል። የጋሽ አንጁሎ ልዩነቱ፣ የሞተሩ ባለቤት ራሱ እጁን ካላስገባ ሥራ አለመጀመሩ ነው። ሹፌር ይሁን ነጋዴ፣ ነጭ ሸሚዝ ይልበስ አይልበስ ግድ የለውም።

"ጥፍርህን አስገባ" ይላል።

"አንተ አየኸው አይደል ጋሼ?"

"የኔ ጥፍር ለኔ ነው። ሞተሩ ያንተ ነው። ነገ አንጁሎ አታለለኝ እንድትል ነው?"

ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ይገባል፤ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ጋሽ አንጁሎ የዘወትር ንግግሩን ያደርጋል። "ፒስተን አንተ አይደለህም የምትመርጠው። እሱ ሲሊንደሩ ነው የሚመርጥ። አንተ የመረጠልህን ትገዛለህ።"

ታዲያ ሲሊንደሩ በአብዛኛው የሚመርጠው ከእኔ ሱቅ ርካሹንና ትንሹን እቃ ነበር። አንድ ጊዜማ አዲስ ያስመጣሁትን ፒስተን ደንበኛዬ ፊት ተቀብሎ በሲባጎ አንጠለጠለና በመዶሻ እጀታ ኳ አደረገው። አንገቱን ዘመም አድርጎ አዳመጠ። ሌላውን አንጠለጠለ፣ ኳ አደረገ። "ይሄኛው ይዘምራል" አለ። "ያኛው ያስለዋል። ውስጡ ተሰንጥቋል።"

"ሱቄን የመዘምራን ቤት አደረግኸው እኮ!" ብዬ ጮህኩበት።

"ሚቼ፣ ሳል ያለበት ሰው መዘምራን አይገባም" አለኝ፤ ፍንክች የለም። ሚቼ በወላይትኛ እህቴ ማለት ነው። አያቴ ከሸዋ መጥተው ሶዶ የቀሩ ጸሐፊ ነበሩ፤ እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ፤ ለእሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሚቼ ነበርኩ። አማርኛ ሲናገር ወንዱንና ሴቱን ያቀያይጣል፤ "ሚቼ ና እስቲ" ሲለኝ እሄዳለሁ። ያን ፒስተን በብርሃን ብናየው እውነትም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረበት። ለአንድ ሳምንት አኮረፍኩት።

አትግዛ ብቻ ነበር የሚለው እንዳይመስላችሁ። አንድ የቦዲቲ ሚኒባስ ባለቤት ገንዘብ አጥሮት "ሪንግ ብቻ ቀይርልኝና ልሂድ" ብሎ ለመነው። ጥፍሩን ሲያስገባ ያዘው። ሰውየው ግን የያዘው እንዳልያዘው ሊያደርግ ፈለገ። ጋሽ አንጁሎ እጁን ጨብጦ መልሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ከተተውና "ጥፍር አይዋሽም፣ አፍ ነው የሚዋሽ" አለው። "እዚህ ላይ አዲስ ሪንግ ባስገባልህ ወር ሳይሞላህ ትመለሳለህ። ያኔ ሪንጉንም ዘይቱንም ጊዜህንም ትከስራለህ። ታግሰህ በደንብ አሠራ።" ሰውየው እየተራገመ ሄዶ፣ ሬቲፊካ ቤት አስሞርዶ፣ ሰፊውን ፒስተን ከእኔ ገዝቶ አሠራ። ዛሬም ያችው ሚኒባስ በሱቄ በኩል ስታልፍ ጡሩምባ ትነፋለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ጋሽ አንጁሎ በቱታው ለብሶት ይዞር ነበር ማለት ይቻላል።

ያም ሆኖ ጋሽ አንጁሎን ሳስብ ቶሎ የሚመጣብኝ የሁምቦው ወፍጮ ነው።

ጊፋታ ሊደርስ ሲል ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ሁሉም ሰው ቤቱን የሚሞላበት፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚበዛበት ሰሞን ነው። አንድ አይሱዙ ከጋራዡ ፊት ቆመና ከላዩ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከነአቧራው ወረደ። ከሞተሩ ጋር ብዙ ሴቶች ወረዱ። ከሁምቦ ቆላ፣ ከጠበላ ከተማ ርቆ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ተሰብስበው አንድ ወፍጮ ያቋቋሙ ሴቶች ናቸው። የሚመሯቸው አዬ አስቴር ነበሩ። አዬ እናት ማለት ነው፤ እዚያ ሰፈር ትልቁም ትንሹም የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ዓይን ዓይን የሚያዩ ሴት ናቸው።

ሞተሩ ጉልበት አጥቶ፣ ጭስ እየተፋ ቆሟል። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ሴቶቹ እንደ ድሮው በቆሎ ተሸክመው ጠበላ ድረስ በእግር መሄድ ጀምረዋል። ባሎቻቸው ተሰብስበው "ይህ ብረት አይረባም፣ ለቁርጥራጭ ነጋዴው ይሸጥና እንካፈል" ብለዋል። አዬ አስቴር ተከራክረው አንድ ዕድል ብቻ አስፈቅደዋል። አሁን የሚሠራው ሥራ ካልተሳካ ወፍጮው ይሸጣል።

"ሌላ ጊዜ የለንም ልጄ" አሉት ጋሽ አንጁሎን። "ይቺ ከሞተች እንደገና ጀርባችን ነው።"

ያዋጡት ገንዘብ እኔ ሱቅ ለነበረው ርካሽ ሙሉ ኪት፣ ፒስተኑ፣ ሪንጉ፣ የሲሊንደሩ የውስጥ ሽፋን ካሚቻው ሁሉ ላለበት፣ ልክ ይበቃ ነበር። የሚያብረቀርቅ እቃ ነው። ልቤ ደስ አለው። እነሱም ሲያዩት ደስ አላቸው፤ አዲስ ነገር ማን ይጠላል? ጋሽ አንጁሎ ግን ሳጥኑን በክርኑ ገፋ አደረገውና ሞተሩን መክፈት ጀመረ። ቴስታታው ሲነሳ "እጃችሁን" አለ።

ሴቶቹ ተራ ያዙ። እጃቸውን አንድ በአንድ ወደ ሲሊንደሩ እያስገቡ በጥፍራቸው ግድግዳውን ሲዳስሱ፣ ሲያስቡ፣ ሲወጡ አየሁ። እንሰት የፋቀ፣ ማሳ የቆፈረ ጥፍር ነው፤ የእሱ ረጅም ጥፍር እንኳ የዚያን ያህል ነገር አይቶ አያውቅም። አዬ አስቴር መጨረሻ ላይ እጃቸውን አስገብተው ብዙ ቆዩ።

"አይዝም" አሉ።

"ኤሮ! አይዝም!" አለ ጋሽ አንጁሎ፤ እሺ፣ ልክ ነው ማለቱ ነው። አሮጌውን ፒስተን አንጠልጥሎ ኳ ሲያደርገው ዘመረ። ከሱቄ አዲስ ሪንግ አስመጥቶ በፒስተኑ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ነቅነቅ አደረገው፤ ብዙ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሪንጉን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ በፒስተኑ አናት ቀጥ አድርጎ ገፋውና የጫፎቹን ክፍተት በስስ መለኪያ ብረት ለካ። "ፒስተኑ ይቆይ። ከሚቼ ዘንድ ደህናውን ሪንግ ግዙ፣ ርካሹን ሳይሆን ደህናውን። በተረፈው ዘይትና ማጣሪያ። ገንዘብ ሲያንስ ሁሉንም መናኛ ከመግዛት አንዱን ደህና መግዛት ይሻላል።"

ኪቴን ወደ መደርደሪያዬ መለስኩ። "አንተ እያለህ እኔ አልከብርም" አልኩት።

"አንቺ እያለህ እኔስ መቼ ከበርኩ?" አለኝ።

ሞተሩ ተገጥሞ አቮካዶው ሥር በእጅ በሚዞር ማንቬላ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ተጠራ። ሰዓት ነው አልን። ሴቶቹ እልል እያሉ ጫኑትና ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ። ሞተሩ ይጨሳል፣ ዘይት ይጠጣል። ወሬው ሶዶ ሲደርስ ደግሞ አድጎ ነበር፤ አንጁሎ አሮጌ ፒስተን ገጥሞ ድሆቹን በላ፣ ያቺ መለዋወጫ ሻጭም ርካሽ ሪንግ በውድ ሸጠች ተባለ። የቁርጥራጭ ነጋዴውም ሰው ልኮ ዋጋ ሰጥቷል። ቅዳሜ ሊወስደው ነው። ጋሽ አንጁሎ እኔ ሱቅ መጥቶ ሲቆም ያ ወፍራም ድምፁ የለም። "ጥፍሩ አልዋሸም፣ ሚቼ" አለ ለራሱ። "እኔ ምን ዋሸሁ?"

ቅዳሜ በማለዳ አብሬው ሄድኩ። የሱቄ ስምም ተነስቷል፤ ስለዚህ ያንን ኪት ከነሳጥኑ፣ ሌላ ሪንግም ጨምሬ ይዣለሁ። ከፈለገ በነጻ እሰጥና ነገሩን እንዘጋለን ብዬ ነው።

ወፍጮ ቤቱ ስንደርስ በሩ ላይ የበቆሎ ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ የሚፈጭ ግን የለም። ወለሉ ተጠርጓል። ሞተሩ መሐል ላይ ቆሟል፤ ንጹሕ ነጭ ጋቢ ለብሷል። ጋሽ አንጁሎ ጋቢውን አየና እኔን አየኝ።

"አዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እንዳይበርዳት ነው" አሉ አዬ አስቴር። "ጠዋት ጠዋት ትንሽ እናስነሳታለን፣ ታሟሙቅ። ከዚያ እንተዋታለን። ዘይት አላጓደልንባትም፤ በደንብ ነው የምናበላት።"

"እህሉስ? መቼ ነው የምትፈጩት?"

"እንዴት ያለ ሰው ነህ?" አሉ ተቆጥተው። "ሆዷ ተከፍቶ፣ ሥጋዋ ወጥቶ ገብቶ፣ ገና በወጉ ሳትጠና ሥራ? አራስ እንዲህ ይደረጋል እንዴ?"

ነገሩ ሁሉ ያኔ ግልጽ ሆነ። እኔ ሳቄ መጣ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ከንፈሬን ነክሼ ነው የያዝኩት። ጋሽ አንጁሎም አፉን ሊከፍት ነበር፤ ሲቆጣ አውቀዋለሁ፣ አንገቱ ይቀላል። አዬ አስቴር ግን ቀጠሉ።

"እኛ አገር ሴት ስትወልድ ቅቤ ይበላል፣ እሳት ዳር ይተኛል ይላሉ። ላላቸው ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ወልጄ በሳምንቱ በቆሎ ተሸክሜ ጠበላ ወፍጮ ሄጃለሁ። መንገድ ላይ ወደቅሁ። ከነልጄ ያነሳኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ የተነሳሁ። እነዚህም" አሉና ወደ ሴቶቹ ጠቆሙ፣ "ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ይሄን ወፍጮ ያመጣነው ለዚህ ነው። እኛን ማንም አላሳረፈንም። ስለዚህ እሷን እናሳርፋት አልን።"

ጋሽ አንጁሎ እጁን በቱታው ጠረገ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

"አዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "አዋልጄላችሁ ስለ አራስ አያያዙ አልነገርኳችሁም። ሪንጉ አዲስ ነው፤ ከግድግዳው ጋር አልተዋወቀም። ሥራ ሲከብደው ነው ወደ ግድግዳው የሚጠጋና የሚገጥም። ያለ እህል ስታስነሱት አይጠጋም። ዘይቱ ያልፋል፣ ግድግዳው ላይ ይጋገራል፣ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ ይጨሳል።"

"ገደልናት በለኛ!" አለች አንዷ።

"የለም፣ የለም። ስሙኝ፣ እሷ አራስ አይደለችም። እሱ አዲስ አማች ነው።" ወንዱንና ሴቱን እንደ ልማዱ ቀላቀለው። "አዲስ አማች ቤት ሲመጣ ጋቢ አልብሳችሁ፣ ቅቤ እያበላችሁ ብታስቀምጡት ምን ይሆናል?"

"ይሰንፋል!" አሉ።

"ይሰንፋል። በመጀመሪያው ቀን መቆፈሪያ ስጡት፣ ጓሮውን አሳዩት። ግን ጠዋት ገብቶ እስከ ማታ አታስጩሁት፤ መሐል መሐል እረፍት ስጡት። የሰው ልጅ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ አዬ አስቴር ራሳቸው ሳቁ። ጋቢውን አንስተው አጣጠፉና ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

ጋሽ አንጁሎ ሞተሩን እዚያው ፈታ። ሳጥኔን ከፍቼ ኪቱን አሳየሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። "እነዚህ ሪንጎች አልተበላሹም። ሥራ ነው ያጡት።" የሲሊንደሩን ግድግዳ በሻካራ ወረቀት ዙሪያውን እየጠመዘዘ አሻከረ፣ አጠበ፣ ሪንጎቹን ከተጋገረው ዘይት አጸዳ። ሴቶቹ እንደገና ጥፍራቸውን አስገብተው አዩለት። ውጭ ግራር ሥር ባሎቹና የነጋዴው ሰው ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ የነጋዴው ሰው ገመድና ሸራ ይዞ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ወፍጮውን ያዘ። "እህል!" አለ ጋሽ አንጁሎ፤ የመጀመሪያው ጆንያ ተገለበጠ።

ጭሱ እንዴት ያለ ጭስ! ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ቤቱን ሁሉ የሞላ። የነጋዴው ሰው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። "አለቀለት" አለ። ጋሽ አንጁሎ ወደ እሱ ዞሮም አላየም። ሁለተኛ ጆንያ አስገለበጠ፣ ሌላም። እረፍት ሰጠው፣ እንደገና ጫነበት። ሴቶቹ የወረደውን ዱቄት ትተው የጭስ ማውጫውን ጫፍ ነበር የሚያዩት። እኔም በልጅነቴ ከተማርኩት ጸሎት ያስታወስኩትን ሁሉ ደገምኩ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጭሱ ሳሳ። ሰማያዊነቱ ጠፋ። ከዚያ ከቧንቧው አፍ በላይ አየሩ ብቻ ሲርገበገብ ታየ፤ ሙቀት ነው። የሞተሩ ድምፅም ተለወጠ፤ ደረቱን ሞልቶ የሚተነፍስ ሰው ድምፅ ሆነ።

አዬ አስቴር መጡና የጋሽ አንጁሎን ያቺን ረጅም ጥፍር ያለች ጣት ይዘው ሳሟት። የነጋዴው ሰው ገመዱን ጠቅልሎ በሞተር ሳይክሉ ሄደ። ጋሽ አንጁሎ ያን ዕለት "ስሙ! ሰዓት ነው ወይ?" አላለም፤ እኔ በበኩሌ እንዲል ጓጉቼ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሙቀቱን ትተን ወደ ሶዶ ዳገቱን ስንያያዝ፣ የዳሞታ ተራራ ከፊታችን ጉም ለብሶ ሲታይ፣ ድንገት "ሚቼ" አለኝ። "ታደለች ስትወልድ እኔ አንድ ቀን ተቀመጪ ብያት አላውቅም።"

ታደለች ባለቤቱ ናት። ልጆቻቸውን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ብዙ ናቸው።

"በአንዱም?" አልኩ።

"በአንዱም። ጋራዥ እሄዳለሁ፤ ስመለስ እራት አለ። እራቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። የሰው ሞተር ሳል አለበት፣ የለበትም ብዬ ጆሮዬን እደቅናለሁ። እቤቴ ያለችውን አላዳመጥኩም።"

እጁን መታ መታ አደረግኩለት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አንጁሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡን በጊዜ እየዘጋ ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ ይወጣ ጀመር። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥርና ጎመን ተሸክሞ ሲመለስ የሰፈሩ መካኒኮች ይስቁበት ነበር። "ጋሼ፣ ታደለች ወጥ ሠሪ አድርጋ ቀጠረችህ እንዴ?" ይሉታል። "አዲስ አማች ነኝ" ይላቸዋል፤ "ገና እየተላመድኩ ነው።" የቀቀለው ቦዬ ግን ለመብላት ጥርስ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን አምጥቶ አቀመሰኝና "እንዴት ነው?" ሲለኝ "ያስለዋል" አልኩት። እዚያው መንገድ ዳር ቆመን እስክናነባ ሳቅን።

የቀብሩ ዕለት መዘምራኑ ሲዘምሩ ከታች የሚያጅበው ድምፅ ጎደለ። ያ ቀዳዳ ለእኔ ከዝማሬው በላይ ተሰማኝ፤ አለቀስኩ። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የቦዲቲው ሰው ሚኒባሱን ከዳር አቁሞ ቆሟል። ያ ወጣት ሹፌርም መጥቷል፤ ጋሽ አንጁሎን በሕይወቱ አላየውም። "ማዘር፣ ጥፍሬን አስገባሁ፤ አልያዘኝም" አለኝ በጆሮዬ። ሪንግ ብቻ ነው የሚገዛው ማለት ነው። ሞቶም ገበያዬን አልተወልኝም።

ታደለች ከመደቡ ላይ ጥቁር ነጠላዋን አሸርጣ ቁጭ ብድግ ትላለች። ሰው በገባ ቁጥር ትነሳለች፤ ንፍሮው ደረሰ ወይ፣ ውሃ አለ ወይ፣ እነዚያ የሩቅ እንግዶች በሉ ወይ ትላለች። ተቀመጪ ስንላት ትቀመጥና እንደገና ትነሳለች።

አንድ አይሱዙ በር ላይ ቆመ። የሁምቦ ሴቶች ናቸው። እያለቀሱ ገቡ፤ ከኋላቸው ሁለቱ አንድ ጆንያ ዱቄት ተሸክመዋል። አዬ አስቴር በጣም አርጅተዋል፤ በበትር ነው የሚሄዱት። ታደለች ልትቀበላቸው ብድግ ስትል በበትራቸው አስቆሟት። ትከሻቸው ላይ ያለውን ነጭ ጋቢ አወረዱና እሷ ላይ ጣሉት፤ ዙሪያዋን በደንብ አድርገው ጠቀለሏት።

"ተቀመጪ ልጄ" አሉ። "ዛሬ የማንም እራት ያንቺ ሥራ አይደለም። እኛ መጥተናል።"

ታደለች ጋቢውን በሁለት እጇ ያዘች። "እሱም እንዲህ ይለኝ ነበር" አለች። "ከሁምቦ ከተመለሰ ወዲህ ተቀመጪ፣ ተቀመጪ ይለኛል። እኔ እስቅበት ነበር። መቀመጥ የት አውቅበትና! ዘንቢሉን ነጥቄው እነሳ ነበር።"

ከዚያ ተቀመጠች። ጋቢውን ፊቷ ላይ ስባ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሴቶቹ አላባበሏትም፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮው ወጡ። እኔም ቀሚሴን ሸክፌ ተከተልኳቸው። ጆንያው ሲፈታ ዱቄቱን ለማውጣት እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ማለዳ ፈጭተውት ነው የመጡት፤ መሐሉ ገና ሙቅ ነበር።